ከደወሉ ስር የሚያላምጠው

እኔ ጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ሰው ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ሲሉኝ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ ይህን የፍኖተ ሰላሙን ነገር ለማንም ሳላወራ የቆየሁትም ለዚሁ ነው፣ ደግሞ ሰው ፊት አፌ አይፈታም፣ በጽሑፍ ይቀለኛል፣ እመኑኝ አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም።

ስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከማንኩሳ የመጣሁት የአክስቴ ልጅ ጋሼ ደሳለኝ ካሴት ቤት ልሠራ ነው። ከሱቁ ጀርባ ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን የለበሰች ክፍል አለችው፣ እዚያ መዝሙርና የሰርግ ዘፈን በኮምፒውተር ያቀናብራል። አባቴ ሚስቱ ለሞተችበት ገበሬ ሊድረኝ ሽማግሌ ተቀብሎ ነበርና፣ ጋሼ "ሥራ ከለመደች እኔ ጋ ትቅር፣ ካልለመደች ውሰዷት" ብሎ አስታገሰልኝ። ፈተናዬም ዲያቆናት ለሚያስቀርጹት መዝሙር የደወል ድምፅ ከኮምፒውተሩ መሥራት ሆነ።

"ደወሉን ከቤተ ክርስቲያን ለምን አንቀዳም?" አልኩት።

"አለቃውን ማን ሊያስፈቅድ? አንች ነሽ፣ ሰው ሲያይሽ ነጠላሽ ውስጥ የምትገቢው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ አስተማረኝ። ሁለት ሞገድ አለ፣ አንዱ ይሰማል፣ ሌላው ራሱ አይሰማም፣ የሚሰማውን ግን እየነቀነቀ ጠባዩን ይለውጠዋል። በዝግታ ሲነቀንቀው ድምፁ ይርገበገባል፣ እጅግ ሲፈጥን ግን አዲስ ድምፅ ይወለዳል፣ የማይሰማው ፍጥነት የሚሰማውን ልክ እጥፍ ከሆነ ዋሽንት ዋሽንት ይላል፣ ከእጥፍ ትንሽ ዘነፍ ካለ ብረት ብረት ይላል፣ ደወል ያለው እዚያ ነው። "ዋናው የማይሰማው ነው" ይለኝ ነበር፣ "ጌሾን ማን ያያል? ጠላውን ጠላ ያደረገው ግን እሱ ነው።"

አንድ ቀን ጋሼ ቡሬ ሄዶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብቻዬን ተቀመጥኩ። የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጁ የተላላጠ፣ የስንቱን ዘማሪ ላብ የጠጣ ነው፣ ሁልጊዜ እየተጸየፍኩ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ነው የማደርገው። ደወሉ ሊመጣልኝ ሲል ከስሩ ሌላ ነገር ሰማሁ፣ ጥርስ የሌለው ሰው ሲያላምጥ፣ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ። የሚሰማውን ሞገድ ዘጋሁት። አሁን ጭጭ ማለት ነበረበት፣ የቀረው የማይሰማው ብቻ ነውና። ማላመጡ ግን ይብስ ጠራ፣ ከዚያም አፉ እንደሞላ በስሜ "የሽወርቅ" አለኝ።

በእኛ አገር ሲመሽ ፊቱን ያላዩት ሰው ቢጠራ አቤት አይባልም፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን ታላቅ ሰው ሁለቴ አስጠርቼ አላውቅም፣ አስተዳደጌ ነው፣ ሳላስበው "አቤት" አልኩ።

ዋጠ። በጉሮሮው ሲወርድ ሰማሁት። ወዲያው ስፖንጁ ጆሮዬ ላይ እንደ ጥጃ ምላስ ሞቀና ረጠበ። ነቅዬ ወረወርኩት። የሚዝለገለግ ነገር ጉንጬ ድረስ ወርዷል፣ የከረመ ቅቤና የበሰበሰ ጥርስ ይሸታል። ደጅ ወጥቼ ጆሮዬን እስኪላጥ በአመድ አሸሁት።

ጠዋት ጋሼ ድምፁን ከፍቶ ሰማው።

"አንች ጉደኛ! ይሄማ ደወል ነው!"

"ጋሼ፣ ከስሩ የሚያላምጥ አይሰማህም?"

"የሚያላምጠው ያንች ሆድ ነው፣ ራት ሳትበይ አድረሽ።"

"ላጥፋው?"

"አጥፊውና ነገ አባትሽ ቤት ነሽ።"

ሳላጠፋው ተውኩት። መዝሙሩ ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፣ እኔም ሥራዬ ላይ ቀረሁ።

በቀደም ቡሬ መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ሾፌሩ ያንኑ መዝሙር ከፈተ። ደወሉ ሲመታ ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት አፋቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ማስቲካ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ከፊታችን ያለው ሰውዬ። የጾም ጠዋት ነው፣ የሚበላ የያዘ ሰው የለም። ዞር ብዬ ሳይ አውቶቡሱ በሙሉ፣ እናቱ ጀርባ ላይ ያለው ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ሳይቀር፣ በደወሉ ልክ ያላምጣል፣ የሁሉም ከንፈር ይረጥባል። ልወርድ ተነሳሁ።

ከአጠገቤ ያሉት እናት ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉና ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ በጾም ምድር ምንድን ነው የምታላምጭው?"

አፌን በእጄ ያዝኩት፣ መንጋጋዬ ግን አልቆመም።