በቀትር አጥሩን የሚዞረው ቃጭል

ይሄ ተረት አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በእነዚህ እጆቼ ነክቼዋለሁ።

ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ብቻ ስሙኝ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው። ልክ ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ። ናዝሬት፣ በሶደሬ መውጫ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ውስጥ።

ወርቅውሃ እባላለሁ። አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ እጠብቃለሁ። የግቢው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው።

ከሁሉም የሚያስጨንቁኝ አዴ ዲንቄ ነበሩ። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። በሩ ገርበብ ካለ ውልቅ ነው... "ከብቶቼ ውሃ አልጠጡም" እያሉ ወደ አዋሽ። አንዴ ከሲኖ ትራክ ጎማ ስር ነው ጎትቼ ያወጣኋቸው።

ልጃቸው ዱሬቲ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። "ወርቅዬ፣ ከእናቴ ሌላ የለኝም፣ አደራ!" ብላ እጄን ይዛ አልቅሳለች።

አደራ ደግሞ ይከብዳል።

ስለዚህ ለምትጠፋ ፍየል የሚደረገውን አደረግኩ። ከገበያ ቃጭል ገዝቼ እግራቸው ላይ በቀይ ክር አሰርኩ። ግራው ላይ። ቀኙ ያብጥባቸዋል።

"ሴትዮዋን ፍየል አደረግሻት!" አሉ አንድ ክፍል አብረዋቸው የሚተኙት እማማ ከሪማ። "ነገ ደግሞ እኔን ልታልቢኝ ነው?"

"እርስዎማ ነጥፈዋል!" አልኳቸው።

ተሳሳቅን። አዴ ዲንቄ ግን አልሳቁም። ፀጉራቸውን ሳበጥር ጠጋ አሉኝና...

"ልጄ... ፍቺልኝ።"

"ለምን?"

"በድምፁ ታገኘኛለች።"

"ማን?"

"በቀትር የምትመጣው። እኔን የምትመስለው... ቦታዬን ትፈልጋለች።"

የመርሳት ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። አልፈታም አልኩ። እኔ አንዴ አልፈታም ካልኩ ደግሞ፣ አልፈታም።

የዚያን ቀን ነፋሱ አቧራውን ያሽከረክረዋል። የውሃ ቦቴ ገብቶ እስኪወጣ በሩ ክፍት ነበር። የግቢውን በር ቆለፍኩና ሮጬ ወደ ክፍላቸው ገባሁ።

አዴ ዲንቄ አልጋቸው ላይ ናቸው። እስከ አንገታቸው ተሸፍነዋል።

ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ቃጭሉ ጮኸ።

ቅጭል... ቅጭል...

ከውጭ። ከአጥሩ ማዶ።

ብርድ ልብሱ ስር እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ። ቃጭሉ እግራቸው ላይ አለ። አይንቀሳቀስም።

ውጭ ግን... ቅጭል... ቅጭል...

ጥበቃው ሰንበታ እየሮጠ መስኮቱ ጋ መጣ።

"ወርቅዬ! ቁልፉን! አዴ ዲንቄ ውጭ ናቸው!"

"አበድክ እንዴ? ይኸው ተኝተዋል!"

"በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው እኮ! በባዶ እግራቸው! አዛውንት በዚህ ፀሐይ ደጅ ይቆማል? ነውር አይደለም?"

የግቢው በር ተመታ። ቀስ ብሎ።

"ወርቄ... ልጄ... ክፈቺልኝ... እግሬ ተቃጠለ..."

የአዴ ዲንቄ ድምፅ ነው። ራሱ።

የነገሩኝ ትዝ አለኝ። እኔን የምትመስለው... በቀትር የምትመጣው...

"አልሰጥም!" አልኩት ሰንበታን። ቁልፉን ጨብጬ አልጋው ላይ ወጣሁና አቀፍኳቸው። "አይዞዎት። ብሞት አላስገባትም።"

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ያቀፍኩት ገላ ግን... የጉድጓድ ውሃ።

ደጅ ያለው ድምፅ ለመነኝ። ለመነኝ። ከዚያ ደከመው። ቃጭሉ እየራቀ ሄደ።

"ከብቶቼ... ውሃ አልጠጡም..."

ዝም።

እማማ ከሪማ ከአልጋቸው በሹክሹክታ ጠሩኝ።

"ወርቅዬ... እግሯን... እግሯን እዪ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

ቃጭል አለ። ቀይ ክር አለ። ቋጠሮው የእኔው ቋጠሮ ነው።

ግን ቀኝ እግር ላይ።

እግሩም አላበጠም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን ከፈትኩ። የባዶ እግር ዱካ አቧራው ላይ አለ። ከበሩ ተነስቶ ወደ አዋሽ ያቀናና... መንገዱ መሀል ላይ ያበቃል። ከሰንበታ ጋር ፀሐይ እስክትጠልቅ ፈለግን። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ምንም።

ለዱሬቲ ምን ልበላት? እናቷ አልጋው ላይ ናት። ትበላለች። በስሟ ትጠራታለች።

"ወርቅዬ፣ እናቴን አዳንሽልኝ! መጥፋት ተወች እኮ!" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች።

ከወደቀችበት አነሳኋት።

እማማ ከሪማ ክፍል ቀየሩ። እኔ ግን አልሄድም። ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ አዴ ዲንቄ ቢመለሱ ማን ይከፍትላቸዋል?

ዛሬም በቀትር ቃጭሉ አጥሩን ይዞራል። ስከፍት ማንም የለም። ስዘጋ ይጀምራል። በሩ ስር ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ... አለቅሳለሁ...

ያን ጊዜ እሷ ከአልጋዋ ትነሳለች። ቃጭሏ እግሯ ላይ ነው፣ ስትራመድ ግን አይጮህም። ከኋላዬ ትመጣና...

በሁለት ቀዝቃዛ እጆቿ ጆሮዬን ትደፍንልኛለች።