የአሥራ አራተኛው ቤት ውሃ

በሺር እንዲህ አለ፦ «የመስመር ውሃ በኃይል መጣ። ሮቶው ሞልቶ ገነፈለ። አደር ኢስማዒል ሊዘጉት መሰላሉን ሲወጡ እርጥቡ ብረት አንሸራተታቸውና ወደቁ። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ቢሮ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ጣውላ የወደቀ ነበር የመሰለኝ።»

ዐብዲሻኩር ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ከምሳ ጀምሮ ከግድግዳው ማዶ ጥላ ሥር ተጋድሜ ነበር። የሮቶው ማስተንፈሻ ቱቦ አፉ ወደ እኔ ነው። ቢገነፍል ኖሮ እኔን ነበር የሚያጥበኝ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አደር ኢስማዒል ደግሞ በዚያ ጉልበታቸው እንኳን መሰላል፣ ሦስት ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል።»

ኢንስፔክተር ላዳን ሁለቱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፈችና በመካከላቸው መስመር አሰመረች። የመጀመሪያው የቤት ሻጩ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የግንበኞቹ አለቃ። ሁለቱም በአላህ ስም ምለዋል። ሁለቱም ደግሞ ሲናገሩ ዓይናቸው ወደ እሷ አልነበረም።

ሟቹ በአሥራ አራተኛው ቤት ጓሮ፣ ሮቶውን ከተሸከመው የብረት ማማ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አካባቢው ሁሉ፣ ሶማሊኛ የማይናገረውም ሳይቀር፣ እንደ አጎት «አደር» እያለ የሚጠራቸው «ምንጭ መንደር» የተባለው አዲስ የመኖሪያ ግቢ ዘበኛ ናቸው። መንደሩ ገና ሰው አልገባበትም። ስልሳ ቤቶች አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው በፀሐይ ተደርድረዋል። መጋረጃ፣ ሶፋና የሚሠራ ቧንቧ ያለው ግን አሥራ አራተኛው ብቻ ነው፤ ለገዢ የሚታየው እሱ ነው።

ሳጅን ቦና ላቡን በመሀረብ ጠረገ። «አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። መሬቱም እርጥብ ነው። እንጻፈውና ከዚህ እሳት እንውጣ።»

«ቆይ እስቲ» አለች ላዳን፤ ጎንበስ ብላ እጇን በሟቹ ትከሻ ሥር ሰደደች። ዙሪያው ጭቃ ነው። ከሥራቸው ያለው አሸዋ ግን ደረቅና ትኩስ ነበር። መዳፋቸውን ገልጣ አየች፤ ንጹሕ ነው። ባዶ እግራቸውን ናቸው።

ከዚያ ተነሥታ የመሰላሉን ብረት ጨበጠችና ወዲያው ለቀቀችው። «አቦ!» ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎም ያቃጥላል። መዳፏ ላይ ቀይ ዝገት ቀርቷል።

«ጫማቸው የታለ?»

ቦና ጓሮውን ፈልጎ አጣው። ላዳን ወደ በሺር ዞረች።

«የዚህ ቤት ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት ብቻ» አለ በሺር፤ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ድምፁ ቀና ይላል። «አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አደር ኢስማዒል ጋ። ማሳያ ቤት ስለሆነ ለማንም አንሰጥም።»

የሽማግሌው ቁልፍ ከደረት ኪሳቸው ተገኘ።

አስከሬኑን ያገኘችው ገዢዋ ሳሌም ከፊት ለፊቱ በረንዳ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት የምትሠራ፣ ፊቷ በእንባ ሳይሆን በንዴት የቀላ ሴት ናት። ከጎኗ፣ ከተዘጋው በር ፊት፣ ጥንድ ያረጀ የቆዳ ሰንደል ተሰድሮ ተቀምጧል።

«የእሳቸው ነው» አለች ሳሌም የላዳንን ዓይን ተከትላ። «እሱን አይቼ ውስጥ ናቸው ብዬ አንኳኳሁ። በሩ ተቆልፏል። ዝም ሲለኝ በጓሮ ዞርኩ።»

«ቀጠሮሽ አሥር ሰዓት አልነበረም?»

«እሳቸው ናቸው ቀድመሽ ነይ ያሉኝ። ጠዋት ደውለው ‹ልጄ፣ ሳትፈርሚ የማሳይሽ ነገር አለ› አሉኝ። ምን እንደሆነ ግን በስልክ አልነግርሽም አሉ።»

«አንቺስ ምን መሰለሽ?»

«ምን ይምሰለኝ? ዘጠኝ ዓመት ስንከራይ አምስት ቤት ቀይረናል። ልንገዛ ስንነሣ አንዱ ካርታ የለውም፣ አንዱ መንገድ የለውም። ይኼ ደህና ነው ብለን ስንመጣ ሬሳ! አከራያችን በሰኔ መጨረሻ ልቀቁ ብላለች። በሺር ደግሞ ዛሬ ካልፈረምሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል።» ቀና አለች። «አንቺ ብልህ ነሽ ይላሉ። ልግዛው ወይስ አልግዛው?»

«እኔ የምመረምረው ሞት ነው።»

«ለእኔ አንድ ሆኖብኛል።»

ላዳን የደብተሯን አዲስ ገጽ ገለጠች። ከዚህች ሴት በቀር እስካሁን ያሰበውን እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ይህም ከሙቀቱ ይልቅ አናደዳት።

«መጀመሪያ ስትጮኺ ማን መጣ?»

«በሺር። ‹ወይኔ አደር! ውሃው ገንፍሎ ነው› አለ። ዐብዲሻኩር ከማዶ ዘሎ መጣ። በሺር እየደጋገመ ‹አይዞሽ እህቴ፣ የመስመር ውሃ ኃይል ስላለው ነው፣ ሌላው ሰፈር እንዲህ አይመጣም› ይለኛል። ሰውየው እዚያ ተጋድመው!»

ከግቢው በር ውጭ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሁዶ ሻይ ትሸጣለች። ላዳንን ስታይ በርጩማ አቀረበችላት።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። አላህ ይማረው፣ ጥሩ ሰው ነበር። ጨዋታው! ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ቅጂልኝ፣ ኤዶ» አለች ላዳን እንደ አክስት እየጠራቻት። «አደር ኢስማዒል ዛሬ ከማን ጋር ተነጋገሩ?»

ሁዶ ወደ ግቢው ገልመጥ አለች። «ጠዋት ከዐብዲሻኩር ጋር ተጣልተው ነበር። ‹አደር፣ ዝም ይበሉ፣ የልጆቼን እንጀራ አይዝጉብኝ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ አልሰማሁም፤ ወላሂ አልሰማሁም።»

ቦና ላዳንን በክርኑ ነካ አደረጋት። እሷ ግን የምታየው በራዱን ነበር። ሁዶ ክዳኑን ከፍታ ሻይ ቅጠል ስትጨምር ውስጡ እንደ መስተዋት አብረቀረቀ።

«አዲስ ነው እንዴ?»

«ምን አዲስ! ሦስት ወሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሳት አይወርድም። ቤቴ ያለውን ብታዪው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ ድንጋይ ሆኗል። የድሬን ውሃ አታውቂም እንዴ? እዚህ ኢስማዒል ከዚያ ቤት ቧንቧ ስለሚቀዳልኝ ነው። ሲጣፍጥ!»

ላዳን ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት አለች። «ትናንት ወደ ግቢው ማን ገባ?»

«ማን ይገባል? ቦቴው ብቻ። ገዢ ሊመጣ ሲል ከተራራው ውሃ ያመጣል። ለሲሚንቶ ነው ይሉናል።»

«ሲሚንቶ አሁን ይቦካል?»

ሁዶ ጥቂት አሰበች። «ሥራው ከቆመ ሁለት ወሩ ነው» አለች፤ ራሷም ገና አሁን የገባት ይመስል።

ላዳን ተመልሳ ቦናን ማማው ላይ ሰደደችው። በመሀረብ እጁን ጠቅልሎ እየረገመ ወጣ።

«ሮቶውን ከላይ ጀምረህ ምታው።»

ቦና መታ። ከላይ ባዶ፣ ከመካከሉም በታች ባዶ፤ ወደ ሥሩ ሲደርስ ብቻ ድምፁ ታፈነ።

«ማስተንፈሻ ቱቦውስ?»

«ተርብ ጎጆ ሠርቶበታል፣ ኢንስፔክተር። ጭቃው ደርቆ አፉን ደፍኖታል።»

ላዳን ዐብዲሻኩርን ለብቻው ጠራችው። ከመሬት ወጥቶ ወደ ሮቶው የሚሄደውን ሰማያዊ ቱቦ በእግሯ ጠቆመች። «ይህ የት ነው የሚያደርሰው?»

«ወደ ዋናው መስመር።»

«ዶማ አምጣና ተከትለን እንየው።»

ሰውየው ዶማ አላመጣም። ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሥር ሜትር ሄዶ ያልቃል» አለ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። ዋናው መስመር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አደር ኢስማዒል ዛሬ ለሴትዮዋ እነግራለሁ ሲሉኝ ለመንኳቸው። ለመንኳቸው እንጂ አልነካኋቸውም!»

«ምነው ታዲያ እስካሁን ሳትናገር ቆየህ?»

«ስድስት ልጅ አለኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ከግድግዳው ማዶ ተኝተህ ምን ሰማህ?»

«በፍሳሽ ቱቦው ውሃ ሲሄድ። ብዙ ውሃ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ቆመ። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ ላዳን ሁሉንም ወደ አሥራ አራተኛው ቤት ጠራቻቸው። በሺር የፊት ለፊቱን በር በቁልፉ ከፈተ፤ እንደ ልማዱ ጫማውን በረንዳው ላይ አወለቀ። ዐብዲሻኩር አወለቀ፣ ሳሌም አወለቀች፣ ሁዶም አወለቀች። ቦና ግራ ገብቶት የፖሊስ ቡትሱን ክር ፈታ፤ ላዳንም የራሷን አወለቀች። አንድም ሰው ያዘዛቸው የለም። ሳሎኑ ውስጥ የሴራሚኩ ቅዝቃዜ እግራቸውን ሲነካው ሁሉም ሳያስቡት ተነፈሱ።

ላዳን ከበሩ ላይ ቆመች። «አሁን በረንዳው ላይ ሰባት ጥንድ ጫማ አለ፤ እኛ ስድስታችን ያወለቅነውና የአደር ኢስማዒል። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ጫማውን አውልቆ ወደ ቤት ይገባል። በሰባት ሰዓት ፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ባዶ እግሩን የሚወጣ ሰው ግን አላየሁም። መዳፋቸው ላይ ዝገት የለም። አደር ኢስማዒል መሰላሉን አልነኩትም። እዚህ ውስጥ ነበሩ።»

«ገብተው ወጥተው ይሆናል» አለ በሺር።

«ጫማቸውን ጥለው? በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ ባዶ እግራቸውን በረመጥ ላይ ሄዱ? በሩን የቆለፈው ሌላ ሰው ነው፤ በጓሮ በር ገብቶ፣ የፊቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ በዚያው የወጣ ሰው። በፊት ለፊት ቢወጣ ኖሮ ሰንደሉን አይቶ ያነሣው ነበር። ቁልፉ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው አልከኝ።»

በሺር ከንፈሩን ላሰ። «ዐብዲሻኩር ከጠዋት ጀምሮ ሲጣላቸው ነበር። እሱን ለምን አትጠይቂም?»

«ወሪያ! እኔን?» አለ ዐብዲሻኩር ወደ ፊት እየተንደረደረ። ቦና በክንዱ አገደው።

«ጠይቄዋለሁ» አለች ላዳን። «ዐብዲሻኩር ያንን ቱቦ የቀበረው ራሱ ነው፤ መስመር እንደሌለ ያውቃል። ገዳዩ እሱ ቢሆን ‹ከግንብ ወደቁ› ይል ነበር እንጂ ‹ውሃ ገነፈለ› አይልም። ማስተንፈሻው በደረቀ የተርብ ጎጆ ተደፍኗል፤ ውሃ ገንፍሎበት ቢሆን ጭቃው ይታጠብ ነበር። ጭቃውም ከሟቹ ሥር አልገባም፤ ውሃው የፈሰሰው ከተጋደሙ በኋላ፣ በባልዲ ነው። የኤዶ ሁዶ በራድ ሦስት ወር ፈልቶ ነጭ ያልሆነው ደግሞ የድሬ ውሃ ስላልገባበት ነው። ትናንት በቦቴ የመጣው ውሃ ዛሬ ከሲሶ በታች ወርዷል። ማን አፈሰሰው?»

ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው አዩ።

«አደር ኢስማዒል ናቸው። በስልክ ቢነግሯት እንደማታምናቸው ያውቁ ነበር፤ ሻጩ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃውን ያሳያታላ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ገቡ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈቱ፣ እስኪያልቅ ሊጠብቁ ቆሙ። ሳሌም ስትመጣ ቧንቧው ደርቆ ሊያሳዩአት ነበር። ቢሮው ውስጥ ያልተኛ ሰው ግን ውሃው ሲፈስ ሰማ።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው» አለ በሺር።

«ቃልህ ግን ግምት አይደለም። ሬሳው አጠገብ ቆመህ ሳሌም እየሰማች የተናገርከው ነው። ‹አዞራቸው› ማለት ትችል ነበር። አንተ ግን ገዢዋ እንዳታመልጥህ ‹የመስመር ውሃ በኃይል መጣ› አልክ። ሰውየው ሞተው ተጋድመው አንተ ገና ቤት ትሸጥ ነበር።»

በሺር ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ፕላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ ተንጫጫ።

«ስልሳ ቤት!» አለ በመጨረሻ። «ስልሳ ቤት በአንድ ቧንቧ ሊያፈርሱብኝ! ዝጋው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ገፋ አደረግኋቸው፣ ይኼው ነው፤ ወለሉ እርጥብ ነበር። ጭንቅላታቸው የሲንኩን ጠርዝ... ልገድላቸው አልፈለግኩም።»

«መሞታቸውን ሳታጣራ ውጭ ጎተትካቸው» አለች ላዳን። «ከዚያ ወለሉን ወለወልክ።»

ቦና እጁን ይዞ አስነሣው። በረንዳው ላይ በሺር ጫማውን ፈልጎ ሲያጠልቅ ከሽማግሌው ሰንደል ላይ ዓይኑን አሸሸ። ሁዶ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ኢና ሊላሂ» እያለች ተከተለቻቸው።

ዐብዲሻኩር ሳይሄድ ቆመ። «ሳሌም» አለ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ግድግዳው ግን እውነተኛ ነው። በእጄ ነው የሠራሁት፤ ሲሚንቶ አልሰረቅኩበትም። ድርጅቱ አሁን ዋጋ ይቀንስልሻል። ውሃውም አንድ ቀን ይመጣል።»

ሳሌም ወደ ወጥ ቤቱ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ላዳን ከበሩ ላይ ሆና አየቻት። ወጥ ቤቱ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ተራራውን ያሳያል። ሳሌም አንድ እጇን መደርደሪያው ላይ አሳርፋ ውሃው እየቀጠነ፣ እየተንጠባጠበ፣ አየር እያስነጠሰ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ደቂቃ ጠበቀች። ሽማግሌው ሊያሳዩአት የፈለጉትን አየች።

ስልኳ ጠራ። ባለቤቷ ዓለምብርሃን ነው፤ ከባቡር ጣቢያው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። «ፈረምሽ? አከራይዋ እኮ እንደገና ደወለች።»

ሳሌም የደረቀውን ቧንቧ ዘጋችው።

«አልፈረምኩም። ስማኝ፣ ዓለም፤ የመስመር ውሃ ገባ የተባለ ቀን በራዳችንን ይዤ እዚህ እመጣለሁ፣ አንድ ወር አፈላበታለሁ። ውስጡ የድሬን ውሃ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ቤቱን እገዛዋለሁ። እስከዚያ ዛሬውኑ ሌላ የኪራይ ቤት ፈልግ።»