ፀጉር አቅራቢው

ፍሬገነት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ስልኳን ከፍታ የቴሌግራም ሱቋን ታያለች። ዕቃ በእጇ አይገባም፤ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ደንበኛ ሲያዝ አድራሻውን ለአቅራቢው ትልካለች፣ እሱ በሞተረኛ ያደርሳል። ችግሯ አቅራቢዎቹ የሁሉም መሆናቸው ነበር። እሷ ጠዋት የለጠፈችውን ዊግ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ያለ ሁሉ በርካሽ ይለጥፈዋል። ማንም የማያውቀውን አቅራቢ ስትፈልግ ክረምቱ ተጋመሰ። በመጨረሻ ስምም ፎቶም የሌለው አንድ ሰው ራሱ ጻፈላት፦ «የተፈጥሮ ፀጉር አለን። ካንቺ በቀር ለማንም አንሰጥም።»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመረጠች። ፀጉሩም ጉድ አሰኘ።

ታናሽ እህቷ ቤዛ ሳይቀር አዘዘች። አንድ እሁድ ዊጉን አድርጋ መጣች፤ ልትስማት ስትጠጋ፣ ሌላ ሰው አሁን ከተነሣበት ትራስ እንደሚወጣ ያለ የላብና የቅባት ሙቅ ሽታ የፍሬገነትን አፍንጫ ሞላው።

«አላጠብሽውም እንዴ?»

«ሁለቴ አጠብኩት፣ እትዬ። ደግሞ ሥሩን እዪው፤ ሽበት እያወጣ ነው። ዊግ ያበቅላል?»

ቤዛ ሳቀች። ፍሬገነት ዘግይታ ሳቀች።

ከዚያ ደንበኞቿ ዝም ማለት ጀመሩ። በየቀኑ ይጽፉላት የነበሩት መልእክቷን እንኳ አይከፍቱም። የአንዷ እናት ደወሉ፤ ከድምፃቸው ኋላ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል።

«ልጄ፣ ዕቃዬ መጣ ብላ ሞተረኛውን ልትቀበል ወረደች። አልተመለሰችም።»

«አቅራቢው ዕቃው ደርሷል ይላል፣ እማማ» አለች ፍሬገነት፤ ስልኩን ዘጋችው። ቀጥላም አዲስ አድራሻ ላከች።

አንድ ጭጋጋማ ከሰዓት፣ ደመናው ክፍሏን አጨልሞት ውሃው በአሸንዳው ሲንቆረቆር፣ አቅራቢው እንድትለጥፈው አዲስ ፎቶ ላከላት። ረጅም ጥቁር ፀጉር ነው፤ ከግንባሩ በላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ቦታ አለችው። ቤዛ እንዲህ ያለች ነጭ ቦታ ይዛ ነበር የተወለደችው፤ እናታቸው በሕይወት ሳለች «የመልአክ ጣት» ትላት ነበር።

ፍሬገነት ደወለች። የቤዛ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ደግማ ደወለች።

«ይህን ፀጉር ከየት አመጣችሁት?» ብላ ጻፈች።

«ከላክሽልን አድራሻ።»

አፏ ውስጥ ሬት የቀመሰች ያህል መረራት። ሁሉም ገባት፤ የከፋው ግን ቀድሞም ገብቷት እንደነበር ማወቋ ነው። «ከእንግዲህ አንድም አድራሻ አልልክም» ብላ ጻፈች፤ እያለቀሰች ሱቋን ዘጋች።

ከታች አንድ ሞተር ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ። ስልኳ በመዳፏ ውስጥ ነዘረ።

«ግድ የለም» ይላል፤ «ያንቺን አድራሻ እህትሽ ሰጥታናለች።»