ታንኳውን ማን አቆመው?

አገርነሽ ከባሕር ዳር ከተማ በባጃጅ ተጣድፋ ስትደርስ የወንድሟ የአንዳርጋቸው ሬሳ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ዳር ከበቀለው ደንገል ጥግ፣ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ነጠላው የማን እንደሆነ ዐወቀች። የሚስቱ የወንጌላዊት ነው። ገፍፋ ጣለችውና የራሷን አለበሰችው።

«በሷ ጨርቅ አይሸፈንም!»

እናታቸው ዱርቤቴ ላይ ስትሞት አንዳርጋቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አገርነሽ ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ እህል ቸርችራ አስተማረችው፤ መሐንዲስ ሆነላት። የዘራችውን ልታጭድ ስትል ወንጌላዊት የምትባል የኮሌጅ መምህርት ከች አለች። ያን የሠርግ ቀን አገርነሽ ሰው ፊት ስትስቅ፣ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

ባልና ሚስቱ አሥረኛ ዓመታቸውን ምክንያት አድርገው፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጉዞ ወጡ። ደብረ ታቦር አደሩ፤ ጎንደርን አልፈው ደባርቅ ላይ ከነብርዱ ሰነበቱ፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ ገብተው ጭላዳውንም ዋሊያውንም አዩ፤ ሲመለሱ በጎርጎራ ዞሩ። መኪናውን የነዳው የአንዳርጋቸው የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ይትባረክ ነው። ቅዳሜ ማታ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ አረፉ። እሑድ ጧት ከሦስቱ አንዱ ጎደለ።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር አሪፋ ነበረች። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጨርቁን አልወደድሁትም እያለ እጁን ከጨርቁ የማያነሳ ገዥ እያየች ያደገች። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሱሪውን መቀመጫው ላይ ስታየው ቆየችና፣ የተጣበቀ የደንገል ጭረት በሁለት ጣቷ አነሳች። ከዚያ ዳር ወደሚገኘው ዋርካ ሄደች። እዚያ አንድ የደንገል ታንኳ ተደግፎ ቆሟል። ታቹን በመዳፏ ነካችው። ያንጠባጥባል።

የማረፊያው ባለቤት ሽማግሌው ገብረ መስቀል ነበሩ።

«ጋሼ፣ ታንኳው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ አውጥቼ አቆምሁት። ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ከውኃ የወጣ ታንኳ ቆሞ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ መድረቅ አለበት። ይህን ሕፃንም ያውቃል።»

«የሐይቅ ዳር ሕፃን።»

«የከተማ ሕፃንማ ምን ያውቃል፣ ቴሌቪዥን እንጂ!»

«ዛሬስ አልነኩትም?»

«በሰንበት? እግዜር ያሳይሽ ልጄ! ከኪዳን ጀምሮ ከባለቤቴ ከወለተ ሩፋኤል ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ አገር አይቶናል። ስንመለስ ነው ሬሳውን ያየሁት።»

አገርነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። «እቴ፣ ሰው ሞቶ ታንኳ ትጠይቂያለሽ? ገዳይዋ ያችውልሽ!»

ወንጌላዊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ጠርዝ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል።

«ለምን ረጠብሽ?» አለቻት አሪፋ።

«ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ልፈልገው ወርጄ ነው።»

«ማታ ተጣልታችሁ ነበር?»

ወንጌላዊት መሬት መሬት አየች።

«ተናገሪ እንጂ!» አለች አገርነሽ። «ስደውልለት ከጎኑ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ምን ይዞብሽ ነው?»

«ይተዉኝ እትዬ።»

«አልተውሽም! ነገ ዘጠኝ ሰዓት ወንድሜን እቀብራለሁ። ከአስከሬኑ ኋላ እንዳላይሽ። ሚስቱ ነኝ ብለሽ ብትመጪ ሰው ፊት ነው የማዋርድሽ።»

ከዚያም ስልኳን አውጥታ ዱርቤቴ ላሉ ዘመዶቿ ደወለች። «ሚስቱ በላችው» አለቻቸው፤ ወንጌላዊት እየሰማች።

ይትባረክ ዐይኑ ቀልቷል፤ ለአሪፋ ግን ሳይደናቀፍ መለሰ።

«ተኝቼ ነበር። የነቃሁት ጋሼ ሲጮሁ ነው። ማታ ሲጣሉ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ አብረው ሲወጡ በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ።»

«አቶ ይትባረክ፣ ዋና ይችላሉ?»

«እኔ? የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ እኮ። ሐይቅን የማውቀው ዓሣው ሳህን ላይ ሲመጣ ነው።»

አሪፋ ፈገግ አለች። የጉዞውን ካሜራ ተቀበለችና ሥዕሎቹን ከአገርነሽ ጋር ማየት ጀመረች። አገርነሽ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የወንድሟን ሙሉ ፊት፣ በሕይወት። ደብረ ታቦር ላይ አለ፤ ይስቃል። ከደባርቅ ወዲህ ግን አንዴ ትከሻው ብቻ፣ አንዴ ጆሮው፣ አንዴ ባርኔጣው። ስሜን ገደል አፋፍ ላይ ባልና ሚስት አንድ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ የሱ ፊት ከግማሹ ተቆርጧል። መሐል ላይ ወንጌላዊት አለች፤ ስትስቅ፣ ጠጉሯን ስታስር፣ ዳቦ ስትቆርስ።

«ሥዕል ላይ እንኳ ነጠቀችኝ!» ብላ አለቀሰች አገርነሽ።

«እሷ አላነሳችውም» አለች አሪፋ። «ሁሉንም ያነሳው ይትባረክ ነው። ከዚህች ከአንዷ በቀር።»

የጎርጎራ ሥዕል ነበር። አንዳርጋቸው ያነሳት መሆን አለበት፤ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ይትባረክን አንገቱን አቅፎ ይስመዋል። አገርነሽ ገልመጥ አድርጋ አለፈችው። አሪፋ ግን ብዙ ቆየችበት።

ሰኞ ጧት አሪፋ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበች። ሐኪሙ አንዳርጋቸው ውኃ አፍኖት እንደሞተ፣ ሰውነቱ ላይም ቁስል እንዳልተገኘ ጽፏል። ታንኳው በአሪፋ ትእዛዝ ውኃው ላይ ታስሮ ይንሳፈፋል።

«ከመጀመራችን በፊት፣ ወንጌላዊት፣ ይህን ታንኳ አውጪልን። ጋሼ ወገባቸውን አሟቸዋል።»

አገርነሽ ደነገጠች። ወንጌላዊት ግን ተነስታ ገመዱን ጎተተች። ታንኳው ከበዳት፤ ግማሹ ጭቃው ላይ፣ ግማሹ ውኃው ውስጥ ቀረ። እንደገና ስትስብ አዳለጣት።

«ተይው ወንጌል፣ ትወድቂያለሽ!» ብሎ ይትባረክ ብድግ አለ። የታንኳውን አፍንጫ ይዞ ከውኃው አወጣው፤ በጎኑ ገልብጦ አንጠፈጠፈው፤ ጉልበቱን ከሥሩ አስገብቶ ቀጥ አደረገና ዋርካው ላይ አቆመው። ሆዱን ለፀሐይ።

«ይባርክህ!» አሉ ገብረ መስቀል። «ማን አስተማረህ ልጄ?»

ይትባረክ እጆቹን አየ።

«አንተ ተቀመጥ» አለች አሪፋ። እርስዎ ማለቷን ትታለች። «ትናንት የሟቹ መቀመጫ ላይ የደንገል ጭረት አገኘሁ። ታንኳ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ የቆመ ታንኳ ደግሞ እሑድ ጧት አያንጠባጥብም። በዚያ ጧት ታንኳው ወጥቶ ተመልሷል። ሟቹ ውኃው ውስጥ ከቀረ ማን መለሰው?»

«ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አለ ይትባረክ፤ ድምፁ ሻክሯል።

«ማን? ጋሼና ባለቤታቸው ቅዳሴ ላይ ናቸው። ወንጌላዊት እንዴት እንደምታወጣው አሁን አየን፤ ጭቃ ላይ ነው የምትተወው። ያቆመው ሰው እጁ ሳያስበው የሚያውቅ ነው። አንተ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ አልኸኝ። ጎርጎራ ላይ የሳሙህ ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«አባቱ ናቸው» አለች ወንጌላዊት ቀስ ብላ። «አቶ አምባቸው። ታንኳ ሠሪ ናቸው።»

«አንቺስ ቅዳሜ ማታ ለምን አለቀስሽ? አሁን ንገሪን።»

«ስሜን ላይ፣ አንዳርጋቸው እንጨት ሊያመጣ ሲሄድ፣ ይትባረክ 'ከሱ በፊት ያየሁሽ እኔ ነኝ፤ የኔ ነበርሽ' አለኝ። ለባሌ የነገርሁት ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ 'ጧት እኔና እሱ እንነጋገራለን' አለ።»

«ለምን ደበቅሽን?»

ወንጌላዊት ወደ አገርነሽ ዞረች። «ማን ያምነኛል? 'አባብለሽው ነው' አይሉኝም ነበር እትዬ?»

አገርነሽ ይህንኑ ትላት ነበር።

«ሥዕሎቹ ቀድመው ነግረውኛል» አለች አሪፋ። «ባልየውን ከደባርቅ ጀምሮ ቆርጠህ ጥለኸዋል።»

«ሰባት ቀን» አለ ይትባረክ ድንገት። «ሰባት ቀን ሙሉ እየነዳሁ በመስታወቱ አየኋቸው። ትከሻው ላይ ስትተኛ። በእጇ ስታጎርሰው።»

«ሐይቁ ላይ ምን ሆነ?»

«አልገፋሁትም። 'ከእንግዲህ ቤቴ እንዳትደርስ' አለኝና በንዴት ብድግ አለ። ታንኳ ላይ አይቆምም። ወደቀ። ዋና አይችልም፤ እጁን ወደ መቅዘፊያው ዘረጋ።»

«አንተስ?»

«መቅዘፊያውን ወደ ራሴ ሰበሰብሁት።»

«ከዚያ ተመለስህና ታንኳው እንዳይበሰብስ አቆምኸው» አለች አሪፋ። «ለሰውየው ያልሆነ እጅ ለደንገል ሆነ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አገርነሽ አላየችውም። 'የኔ ነበርሽ' የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። እሷ አንዳርጋቸውን በልቧ ስትለው የኖረችውን ቃል፣ ያ ሰው በአፉ ተናገረው። ወንጌላዊት አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም እትዬ። ዛሬ ባሌን ነው የምቀብረው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በነጠላ ነጣ። ወንጌላዊት ከአስከሬኑ ኋላ ስትቆም የዱርቤቴዋ አክስት፣ ስልኩ የደረሳት፣ ከለቀስተኛው መሐል ወጣች።

«አንቺ! በልተሽው ደግሞ ልታለቅሺለት መጣሽ? ከዚህ ጥፊ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ፖሊስ ገዳዩን መያዙን የሰማ ገና ጥቂት ነው፤ የአገርነሽን ቃል ግን ሁሉም ሰምቶታል። ወንጌላዊት አንገቷን ደፍታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አገርነሽ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣችና በመካከላቸው ገባች።

«እሷን አትንኳት!» አለች። ድምጿ እስከ ዐጥሩ ተሰማ። «እሷ ምንም አላደረገችም። ያንን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሐሰት ነው።»

«ኧረ አንቺ! ታዲያ ለምን አወራሽው?» አለች አክስቷ።

አገርነሽ የሚያያትን ሰው ሁሉ አየችው።

«ቀንቼ ነው» አለች።