ከሬሳ ሣጥኑ የመጣ ቃል

ሁዳ ሌባ ትከሳለች፤ ሁዜይፋ ሌባ ሆኖ ይናገራል። እርሷ የመካነ ሰላም ዐቃቤ ሕግ ናት፤ ቃል አታባክንም። እርሱ እሑድ እሑድ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ማይክራፎን ጨብጦ፣ የእንግሊዝኛ ፊልም እየተከተለ በአማርኛ ያወራል። ለገዳዩም ለሟቹም ድምፅ የሚሆነው እርሱ ብቻውን ነው።

መጀመሪያ የተነጋገሩት ፊልም አልቆ ሰው ሲወጣ ነበር።

«የተከሳሹን ቃል ለውጠውታል» አለችው። «‹አልጸጸትም› ነው ያለው። እርስዎ አስለቀሱት።»

«ወላሂ፣ የእኔን ቢሰሙ ቅጣቱን ያቀሉለት ነበር!»

ሁዳ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የፊተኛው ወንበር የእርሷ ሆነ። እርሱ ሆን ብሎ ይለውጣል፤ የምትነቃበት እርሷ ብቻ ናት። በመጋረጃው ስንጥቅ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፤ ሁዜይፋ ግን ከዚያ በላይ አንድም የፍቅር ቃል አልወጣውም።

የከተማው ሰው ነገሩን ሲያነሣባቸው፣ አባቷ አቶ አሕመድኑር ተቆጡ፤ «ሌባ የምታሳስር ልጅ ለሌባ አፍ? አይታሰብም!» ከአንድ የአጅባር ነጋዴ እርሷን ሊጠይቁ ለተላኩት ሽማግሌዎችም ለሰኞ ቀጠሮ ሰጡ። ሁዜይፋም ይህን ሰማ።

እሑድ ሁዳ አባቷን እየጎተተች አዳራሽ አመጣቻቸው። «አንድ ቀን ይስሙት፤ ከዚያ ይፍረዱ።»

ፊልሙ የጥንት፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስት ሌቦች የዘረፉትን ወርቅ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ይደብቃሉ። ፖሊስ ሲደርስ አንደኛው ወርቁ ላይ ይጋደማል፤ ሁለቱ ክዳኑን ዘግተው ደረት ይደቃሉ። ጎረቤት እውነት መስሎት ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ መቃብር ይገሰግሳል! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አቶ አሕመድኑር እንባቸውን በፎጣቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሌባ በእንግሊዝኛ «ክፈቱልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሁዜይፋ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ትንፋሹ በአዳራሹ ተሰማ።

«ወርቁን ውሰዱት» አለ በሌባው ፈንታ። «አንዲት ልጅ ነገ ለሌላ ሰው መልስ ትሰጣለች። እኔ ግን አባቷን ፈርቼ፣ እንደምወዳት ሳልነግራት ልቀበር ነው። ለካ ፈሪ በቁሙ ነው የሚቀበረው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የሁዳ ፊት ጋለ፤ ዓይኗን በመጋረጃው ስንጥቅ ላይ ተከለች።

ቤት ሲደርሱ አባቷ ለእናቷ ለወይዘሮ ሀሊማ እየተረኩ አሁንም ይስቃሉ። «አጀብ! ወርቁን ትቶ ልጅቱን! እንዲህ ያለ ሰው ሌባም ቢሆን ልጄን እሰጠው ነበር።»

«እማማም ሰምታለች፣ አባባ፤ ቃልዎን አያጥፉ።»

«መቼ አጥፌ አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ሌባው ‹ክፈቱልኝ› ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው የሁዜይፋ ነው። የአጅባር ሽማግሌዎችን ነገ በክብር ይሸኙልኝ። የማገባው ሁዜይፋን ነው።»