ወንዛዬ የማይሄደው ሰው

ማህደር ነጠላዋን ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረች። ምልክቱ፣ የተከተላት የለም ማለት ነው።

ሰውመሆን ሐሙሲት መናኸሪያ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ወረታ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የስለላ ስሙ «እርኩም»፤ ማህደርም የስለላ ባልደረባው ናት። የሚከታተለው በሩዝ ጆንያ መሣሪያ የሚያስተላልፈውን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት፣ ክንዴን ነው።

«ዕቃው ወንዛዬ ነው» አላት።

«በምን አወቅህ?»

ክንዴ ሠራተኞቹን በገንዘቡ ሰውመሆን ዘንድ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ራሱም ፊት ወንበር ይቀመጣል። ትናንት ሁሉም ዘወትር የሚያደርገውን፣ አልፎ አልፎ የሚያደርገውንና ፈጽሞ የማያደርገውን በእንግሊዝኛ ሲናገር ነበር። ክንዴ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ «ወንዛዬ ኔቨር» አለ። ክፍሉ ሲበተን ተሸካሚው ያየህ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«መምህር፣ ጋሼ ተምታቶባቸው ነው። ወንዛዬማ እሁድ እሁድ ኦልዌይስ እንሄዳለን። ከፍል ውኃው ማዶ ካለው ቤት ጆንያ አራግፈን እንመለሳለን። ሰው ፊት ማረሙ ነውር ሆነብኝ።»

ምስኪን፣ ጌታውን ከስህተት ያዳነ መስሎታል።

«ማን ነገረህ?» አለች ማህደር ደግማ።

የምንጭ ስም አይነገርም። ሰውመሆን ግን ስንት መከራ አብራው ያለፈችን ሴት አመነ።

«ያየህ» አላት።

በማግስቱ የያየህ ወንበር ባዶ ነበር።

ያየህ ከትምህርት ቀርቶ አያውቅም። ስሙን የሰማች ደግሞ ማህደር ብቻ ናት።

«ዛሬ ምን ያስተምሩናል፣ መምህር?» አለ ክንዴ ፈገግ ብሎ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ያለፈውን እንከልሳለን።»

ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ነካካ። ወንዛዬ አቅራቢያ ተሸሽገው ቤቱን ለሚጠብቁት ጓዶቹ መልእክት ላከ፦ «አሁኑኑ ግቡ። ማህደር ከድታለች።»

ወጥቶ ያየህን መፈለግ ይችል ነበር። ከወጣ ግን ክንዴም ይወጣል፤ አንድ ስልክ ከደወለ መሣሪያው ይበተናል። ስለዚህ አስተማረ። ክንዴን እያስነሳ፣ እያስደገመ፣ እያረመ፣ ፖሊሶች በሩን እስኪከፍቱ ድረስ አስተማረ።

መሣሪያው ተያዘ። ማህደርንም ከሐሙሲት ሳትወጣ ያዟት። ያየህን ግን ገበሬዎች ቁሐር ሚካኤል አጠገብ፣ ከሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ አገኙት።

ሰውመሆን ቀብሩ ላይ እንዲታይ አልተፈቀደለትም። ከከተማው የሚያስወጣው መኪና በለቀስተኞቹ አጠገብ ሲያልፍ የእናትየውን ድምፅ ሰማ። አንገቱን ደፋ። የገደለው እኔ ነኝ ብሎ አሰበ፤ ዛሬም እንደዚያው ያስባል።

አሁን ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ያስተምራል። በቀደም ክፍሉ ሲበተን አንዲት ተማሪ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«አትንገሪኝ፣ እናቴ» አላት። «ወደ ቤትሽ ሂጂ።»