የስድስት ሰዓቱ መስመር

የአራት ዓመቱ ሕፃን ሬሳ ገና ከአልጋው አልተነሳም፤ ጀማሪዋ ነርስ ግን ከወዲሁ ገዳይ ተብላለች። መዝገቡ በስድስት ሰዓቱ መስመር ላይ «የልብ ምት 112፣ ትንፋሽ 28፣ ተኝቷል፣ መድኃኒቱ ተሰጥቷል» ይላል። ዳር ላይ የእሷ ምልክት አለ። ሐኪሙ ተጠርቶ ሲደርስ የሕፃኑ ልብ ከአርባ በታች ወርዶ ነበር። ምቱ የቀነሰ ልብ ያንን መድኃኒት ሲጨምሩበት እንደሚቆም በክፍሉ የማያውቅ የለም።

«ሳትቆጥር ጻፈች፣ ሰጠች፣ ገደለች። ሌላ ምን ቀረ?» አለ ሐኪሙ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

«የቀረውን የምፈልገው እኔ ነኝ። እርስዎ ዝም ይበሉ» አለው ከፖሊስ የመጣው መርማሪ። ጀማሪዋን ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«ቆጥረሽ ነበር?»

«ቆጥሬያለሁ። አምሳ ስምንት ነበር። መድኃኒቱን ትቼ፣ ሳልጽፍ ሮጬ ለዋናዋ ሲስተር ነገርኳቸው። ‹ሐኪም ሆንሽ ደግሞ? እኔ አየዋለሁ፣ ሂጂ ምሳሽን ብዪ› አሉኝ። ደረጃው ላይ ብቻዬን በላሁ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማንም።»

በሐሜት «እቴጌ» የሚሏት ዋናዋ ነርስ ተራዋን ቆማ ጠበቀች።

«ምንም አልነገረችኝም። ከአምስት ተኩል ጀምሮ ከቢሮዬ አልወጣሁም። ይህች ሰነፍ የአንድ ሕፃን ምት ለመቁጠር ደቂቃ ሙሉ ትፈጃለች። ዛሬ ደግሞ ልጁ እያለቀሰ አፍንጫውን ይዛ ጋተችው።»

መርማሪው በጎረቤቱ አልጋ ያለውን ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን አሳይቶ ትንፋሹን በየተራ እንዲቆጥሩ አዘዘ። ጀማሪዋ ልብሱን ገልጣ የደረቱን መነሳትና መውረድ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተከታተለች። «ሠላሳ ሰባት» አለች። ዋናዋ ከሩብ ደቂቃ በኋላ ከሰዓቷ ቀና ብላ «ሠላሳ ስድስት» አለች።

ከዚያ መርማሪው የሟቹን እናት ጨምሮ ሁሉንም በሟቹ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበ።

«የሳምንቱን መዝገብ አይቻለሁ» አላት ዋናዋን። «የጀማሪዋ ቁጥር ቆጥራ ያገኘችው ነው፤ 97፣ 103፣ 31። የእርስዎ ግን ሁሉም ለአራት ይካፈላል። ሩብ ደቂቃ ቆጥረው በአራት ያበዛሉ። 112ም፣ 28ም ይካፈላሉ። ምልክቷን አስመስለው ሲዋሹም በልማድዎ ዋሹ።»

«አጋጣሚ ነው» አለች ዋናዋ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ይሁን። ልጁ እያለቀሰ መጠጣቱንስ ቢሮ ተቀምጠው ማን ነገረዎት? መዝገቡ ‹ተኝቷል› ይላል። እናቱ ውጭ ልብስ እያጠበች ነበር፤ የጎረቤቱ አልጋ ሕፃን አይናገርም። ሲያለቅስ ያየው የጋተው ሰው ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ወለሉ አቀረቀረ። ዋናዋ ጀማሪዋን በጥላቻ አየቻት።

«የመጣችው ልትታዘዘኝ ነው እንጂ ልታስተምረኝ አይደለም። አልቆጠርኩም፤ ሰጠሁት። ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ማንም አልሞተብኝም።»

«ወይም ማንም አልመረመረዎትም» አላት መርማሪው። ይዟት ወጣ።

ጀማሪዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ እናትየዋ ተጠጋች። «እቱ፣ እኔ አይደለሁም። ሰምተሻል አይደል?»

እናትየዋ እጇን ከልጇ እግር ላይ አላነሳችም።

«ልቡ እንደደከመ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔን አልጠራሽኝም። ሐኪሙንም አልጠራሽም።»

«ሲስተር ሂጂ ምሳሽን ብዪ ስላሉኝ...»

«ሄደሽ ምሳሽን በላሽ» አለች እናትየዋ፤ ፊቷንም ወደ ልጇ መለሰች።